አባባና ጋሼ ሽፈራው የተከራከሩባቸው እሁዶች

ባለፈው ሐምሌ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ቆሞ አንድ ሽማግሌ አሳፈረና ከጎኔ አስቀመጣቸው። ዝናብ መቷቸው ነበርና የደረቡት ባና ውኃውን ጠጥቶ እንደ ደንጊያ ከብዷል። በሩ ተዘግቶ የሰዉ ትንፋሽ መስታወቱን ሲያለብሰው፣ የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ ቀስ እያለ መኪናውን ሞላው። ከፊት የተቀመጠች ወጣት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እኔ ግን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ፤ ነውር ባይሆንብኝ ትከሻቸው ላይ ራሴን ባሳርፍ ደስታዬ ነበር። ያ ሽታ የአጎቴ የጋሼ ሽፈራው ሽታ ነው።

ጋሼ ሽፈራው የእማዬ ታናሽ ወንድም ሲሆን ባና ሸማኔ ነበር። ቤቱ ከእኛ ቤት ቁልቁል፣ አንዲት የገብስ ማሳ ተሻግሮ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ ላይ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። በእኛ አገር ብርድ እንደ ክፉ ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ይታማል፤ «ማታ አየኸው ምን እንዳደረገን?» ይባባላል ሰዉ። ስለዚህ ባና የሚሠራ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ሰድዶ ሲቀመጥ ከወገቡ በላይ ብቻ ስለሚታይ፣ ትንሽ ሳለሁ ጋሼ ሽፈራው ከመሬት የበቀለ ሰው ይመስለኝ ነበር። እማዬና የሰፈሩ ሴቶች የፈተሉትን ጠጉር ያመጡለታል፤ እሱ ይሠራል፤ ሲሠራ ደግሞ እረኞቹ ከማዶ ቆመው እስኪያዳምጡት ድረስ ያዜማል።

አባቴ፣ አባባ፣ መሪጌታ ነበሩ። በዜማውም በመጻሕፍት ትርጓሜውም ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ የአጥቢያችን ኪዳነ ምሕረት ማሕሌት ያለ እሳቸው የማይሞላ ሰው ነበሩ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ያነሣና «እንዲህ ማለት ነው» ይላል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምራል፤ ደግሞም «አንድም» ይላል። አንዱ ፍች ሌላውን አያባርረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እማዬ ይህን አነጋገር ከእሳቸው ለምዳ ማድ ቤት ድረስ አስገብታዋለች። ምሳ ደርሶ እንደ ሆነ ሲጠይቋት «ደርሷል፤ አንድም አልደረሰም» ትላቸው ነበር።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጋሼ ሽፈራው ደብረ ብርሃን ሄዶ ሁለት ዓመት በቀን ሥራ ቆየ። ሲመለስ ብብቱ ሥር ጥቁር ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነበር፤ አንገቱ ላይ ግን ማተብ አልነበረም። መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። ልትስመው የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ማተብህስ?» አለችው።

«እትዬ፣ ጌታን አግኝቻለሁ» አላት።

«የት ጠፍቶብህ ነበር?» ብላ አለቀሰች።

አባባ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ ሁለቱንም አዩ። «ዘነበች፣ መንገደኛ እኮ ነው፤ መጀመሪያ ጠላ ቅጂለት» አሉ። ጋሼ ሽፈራው ዐይኑን ሰብሮ ጠላም እንደማይጠጣ ነገራቸው። አባባ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ቆሎ አቅርቢለት፤ ገብስ የሚከለክል ሃይማኖት እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አሉ። ጋሼ ሽፈራው ቆሎውን እየቆረጠመ ዐይኑ እንባ ሞላ።

ነገሩ ግን በቆሎ አላበቃም። ጋሼ ሽፈራው ወደ ሽመናው ሲመለስ፣ ድሮ ያዜምበት በነበረው አፉ ይጸልይ ጀመር፤ ጸሎቱም ሲሞቅ ከአማርኛ ወጥቶ ማንም ወደማያውቀው ቋንቋ ይገባል። ጠጉር ሊያደርሱ የሄዱ ሁለት ሴቶች ይህን ሰምተው ጠጉሩን በሩ ላይ ጥለው ሮጡ። በማግሥቱ መንደሩ ሽፈራው አብዷል አለ፤ ያልራራለት ደግሞ የሰፈረበት ነገር አለ ብሎ አማተበ። አባባ በትራቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከሽመናው አጠገብ ካለች ደንጊያ ላይ ተቀመጡና ጋሼ ሽፈራው ጸልዮ እስኪጨርስ ዝም ብለው አዳመጡት። ሲጨርስ «ምን አልክ?» አሉት። «እኔስ አላውቀውም መሪጌታ፤ መንፈስ ያውቀዋል» አላቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቁጣ አይደለም፤ ቤት ያልመታ ቅኔ እንደ ሰማ መምህር ነው።

ያን ዕለት የተጀመረው ክርክር ከዐሥር ዓመት በላይ ቆየ። አባባ እንደሚሉት፣ በልሳን የመናገር ጸጋ ለሐዋርያት የተሰጠው አሕዛብ ሁሉ በየቋንቋቸው ወንጌልን እንዲሰሙ ነው፤ ሰሚው የማይረዳውን በጉባኤ መናገር ደንጊያ መከመር እንጂ ቤት ማነጽ አይደለም። ጋሼ ሽፈራው ደግሞ ጸጋው ለዚያ ዘመን ብቻ ነው የሚል ቃል አላገኘሁም፣ መንፈስ ቅዱስ ትናንትም ዛሬም ያው ነው፣ ጳውሎስም በልሳን መናገርን አትከልክሉ ብሏል ይላል። አባባ ወዲያው፣ ተርጓሚ ከሌለ ግን ዝም ይበል ያለውም ያው ጳውሎስ ነው ይሉታል። እማዬ እንዝርቷን እያሾረች አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ስታይ ትቆይና፣ «ይሄ ጳውሎስ የምትሉት ሰው ለሁለታችሁም ነው እንዴ የመሰከረው?» ትል ነበር።

እኔ ደግሞ ተብታባ ነበርኩ። ስሜ አስካለ ነው፤ የገዛ ስሜ የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወጣም ይለኛል። ተማሪ ቤት ልጆቹ «አ-አ-አ» እያሉ ይጠሩኛል። ከሚያሾፉብኝ ይልቅ ግን የሚብሱብኝ የሚያዝኑልኝ ነበሩ። አፌን ስከፍት የምለውን ገምተው ይጨርሱልኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጨርሱልኝ ልል ያላሰብኩትን ነው። ውኃ ልል ስል ወተት ይሰጡኛል፤ ወተቱን እጠጣለሁ።

አባባና እማዬ ሦስት ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጠበል አጠመቁኝ። ከገደሉ ሥር የሚወርደው ውኃ ቅዝቃዜው ያለችኝንም ጥቂት ቃል ይዞብኝ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከውኃው ስወጣ አባባ በጋቢያቸው ጠቅልለው ያቅፉኝና «አስኩ፣ እስቲ ስምሽን በዪ» ይሉኛል። እሞክራለሁ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ስሜ አይወጣም። አባባ ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞራሉ፤ እኔም እንባቸውን እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነኝ ጊዜ ነው፤ እማዬ የፈተለችውን ጠጉር ይዤ አንድ ቅዳሜ ጋሼ ሽፈራው ዘንድ ወረድኩ። ተቀበለኝና «አስኩ፣ ልጸልይልሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ራስ መነቅነቅ አያስተባትብም። ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ እጁን ከጠጉሩ አራግፎ፣ አናቴ ላይ ጫነው። መጀመሪያ በአማርኛ ጸለየ፤ ቀጥሎም ወደዚያ ወደማይታወቀው ቋንቋ ገባ። አልፈራሁም። እንዲያውም አንድ ነገር አስገረመኝ፦ ማንም የማይረዳው ቃል ከአፉ እየወጣ የማያፍር ትልቅ ሰው እዚህ አለ። ሙቀት ከራሴ ወደ ደረቴ ሲወርድ ተሰማኝ። ጋሼ ሽፈራው ፊቱ በላብ ርሶ «አስኩ፣ ተፈውሰሻል። ከእንግዲህ ሳትፈሪ በእምነት ተናገሪ» አለኝ። ማሳውን እየሮጥኩ ተሻገርኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪ ቤታችን የወላጆች በዓል ነበር። መምህራችን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ሲጠይቅ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። መምህሩ ተጠራጠረ፤ እኔ ግን እጄን አላወርድም አልኩ። በዓሉ ዕለት አባባ ከፊት፣ ከሽማግሎቹ መካከል፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጽሑፉ የሚጀምረው «አካባቢያችን» በሚል ቃል ነበር።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከጉሮሮዬ የሚወጣው ድምፅ ቃል ሊሆን አልቻለም። ከኋላ ሳቅ ተነሣ። መምህሩ አዝኖልኝ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ራሱ አነበበው፤ ሲጨርስ ሰዉ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ከሳቁ ባሰብኝ። አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በሰዉ ሁሉ መካከል አልፈው መጡና ጋቢያቸውን ደርበውልኝ ይዘውኝ ወጡ። መንገድ ላይ፣ እየተንተባተብኩ፣ ጋሼ ሽፈራው ያለኝን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ወደ ቤት መታጠፊያው ስንደርስ አልታጠፉም፤ ቁልቁል ወረዱ።

አባባን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጋሼ ሽፈራው ገና ሲያያቸው ከጉድጓዱ ተነሣ።

«ሽፈራው፣ ጸጋው አለህ የለህም፣ እሱን ሰጪው ጌታ ያውቃል። እኔ ልጄን ነው የምልህ። ተፈውሰሻል ብለህ ሰው ፊት አቆምክብኝ። ዛሬ የሆነችውን ብታይ!»

ጋሼ ሽፈራው ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቴን ሲያይ ሁሉን ነገር ዐወቀው።

«መሪጌታ፣ አምኜ ነው። አልዋሽዎትም፣ አሁንም አምናለሁ። ግን እርስዎን አልጠየቅሁም፤ አምላክ መቼ እንደሚሠራ ሳይነግረኝ እኔ ቸኩዬ ነገርኳት። በድያታለሁ። እርስዎንም በድያለሁ።» ይህን ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

አባባ ትከሻውን ይዘው አስቀሩት። ደንጊያዋ ላይ ተቀመጡ፤ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ቁጣቸው ከፊታቸው ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ለጋሼ ሽፈራው ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «እኔስ ሦስት ክረምት ያን ቀዝቃዛ ውኃ ሳፈስባት መቼ ጠየቅኋት?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አስኩ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ ያው ተያዘ። አንዲት ዶሮ ገብታ ከተፈተለው ጠጉር ላይ ወጣች፤ ማንም አላባረራትም። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል። በመጨረሻ ወጣልኝ።

«አትጨርሱልኝ። ጠብቁኝ።»

አባባ ጥምጥማቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበት። ጋሼ ሽፈራው ተመልሶ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

የእሁዱ ንባብ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አሳቡን ያመጡት አባባ ናቸው። ዐይናቸውን ሞራ እየጋረደው መጽሐፍ ማንበብ ተስኗቸው ነበር፤ ጋሼ ሽፈራው ደግሞ ፊደል የቆጠረው ከጎለመሰ በኋላ ስለሆነ ንባቡ እንደ ገደል መንገድ ይከብደዋል። «አስኩ ታነባለች፤ እኛ እንከራከራለን» አሉ። ጋሼ ሽፈራው እሁድ ጠዋት መሐል ሜዳ ከአማኞቹ ጋር ይጸልያል፤ አባባ ቅዳሴ አስቀድሰው ይመለሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከበሩ ብርሃን በኩል የጋሼ ሽፈራውን መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። አባባ የግዕዙን ንባብ በቃላቸው ይሉታል፤ ከዚያ ትርጓሜውን ያወርዱታል።

እኔ ሳነብ አንዱ ቁጥር የአንድ ስኒ ቡና መጠጫ ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር። ጋሼ ሽፈራው መልስ ሊሰጥ ሲቸኩል ቃሉ ገና ከአፌ አልወጣም፤ አባባ ሊያርሙት ሲሰናዱ እኔ ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ነኝ። ቁጣ ቆይ ሲሉት ይበርዳል። እኔ እስክጨርስ ሲጠብቁ፣ እርስ በርሳቸውም መጠባበቅ ለመዱ። አንዳንዴ አንዱ ሊናገር ይልና «የለም፣ አንተ ጀምረህ ነበር» «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ክርክሩ ይረሳል። እማዬ በዚህ መሐል የተቀቀለ ባቄላ ታቀርባለች። በጾም ቀን ጋሼ ሽፈራው ከእኛ ቤት የጾም ምግብ ብቻ ይበላል፤ በሃይማኖቱ ግድ ባይኖርበትም ስለ እህቱ ብሎ ነው። አባባ ይህን ያያሉ፤ አንድም ቀን አላነሡበትም።

አንድ እሁድ የማልረሳው ነገር ሆነ። አባባ እንደ ወትሮው፣ ሰሚው የማያውቀውን ቋንቋ በጉባኤ መናገር ምን ይጠቅማል ብለው ያዙት። ጋሼ ሽፈራው ራሱን አከከ፤ ፈራ ተባ ሲል ቆየና፣ «መሪጌታ፣ አይቆጡኝና፣ ጠዋት በግዕዝ ወንጌሉ ሲነበብ ከበሩ ሥር የሚቀመጡት አሮጊቶች ምን ይሰማሉ? የእነሱ ተርጓሚ ማነው?» አላቸው።

እማዬ ባቄላውን እንደያዘች ቆመች። እኔ መጽሐፉን ዘጋሁት። አባባ ግን ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታና፣ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። በሚቀጥለው እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ሳይበተን ከደጀ ሰላሙ ቆሙና የዕለቱን ወንጌል በአማርኛ አንድ በአንድ አብራሩለት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላቋረጡም። ያ አሳብ የመጣው ከሸማኔው መሆኑን ከእኛ ቤት በቀር ማንም አላወቀም። ጋሼ ሽፈራውም ለሽመና ሲቀመጥ ሴቶቹ ከመጡ በአማርኛ ብቻ ይጸልይ ጀመር። ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት «ለሚሰማው ሰው ነው፤ መሪጌታ አስተማሩኝ» ይላል። አንዱም ግን እምነቱን አልለወጠም።

ሰው ሁሉ ይህን አልወደደም። ንባቡ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ግድም የደብሩ አለቃ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ። አባባን በክብር ሰላም ብለው፣ መሪጌታ የሆነ ሰው ማተቡን ከበጠሰ ሰው ጋር በየሳምንቱ መጽሐፍ ዘርግቶ መቀመጡ ተማሪዎቹን እንደሚያሰናክል፣ ካልተወ ማስተማሩን እንዲተው እንደሚደረግ ነገሯቸው። እማዬ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች፤ የምንኖርበት መሬትና መተዳደሪያችን ከዚያ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነበር። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«ስለ ሃይማኖቴ ጠይቁኝ፤ ከጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ፊደል ጎድላብኝ እንደ ሆነ ዛሬ አውርዱኝ» አሏቸው። «ስለ ሽፈራው ግን አትጠይቁኝ። እሱ የዘነበች ወንድም ነው። ስሕተት ነው የምለውን ፊት ለፊቱ እነግረዋለሁ፤ እሱም ይነግረኛል። በሌለበት ብቻ የምንናገር ከሆነ መቼ እንተራረማለን?»

አለቃው ተነሥተው ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። አባባም ከማስተማሩ አልወረዱም። ጋሼ ሽፈራውም ከወገኖቹ በኩል ያላነሰ ወቀሳ እንደ ደረሰበት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለእኛ አልነገረንም።

እኔ ደብረ ብርሃን የመምህርነት ትምህርቴን ልጨርስ ስል ጋሼ ሽፈራው ታመመ። ደረቱ ነው፤ የስንት ዓመት የጠጉር ብናኝ ሳንባውን በልቶታል። ስመጣ ከሽመናው አጠገብ ተኝቶ አገኘሁት። እማዬ አባባን ይዛ ውጭ ቆማለች።

«ይለምኑት፤ አንዲት ቃል ብቻ ይበል። ተመልሻለሁ ይበልና ከአባታችን ጎን ይቀበር። እርስዎ ካሉት እሺ ይላል። ብቻውን ሜዳ ላይ አልጥለውም» አለች።

አባባ ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጁን ያዙት።

«ሽፈራው፣ እትዬህ ልካኝ ነው። ትመለስ እንደ ሆነ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ጠይቄሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ፣ መሪጌታ። እምቢ ብያለሁ።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ። እርስዎስ?»

«እኔም እምቢ ብያለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ የጋሼ ሽፈራው ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠና አባባ ደግፈው ውኃ አጠጡት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች ሳቀች። ሳሉ ሲተወው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አስኩ፣ ስለ ጸጋ ስንከራከር የዚያን የጳውሎስ መልእክት ዐሥራ ሁለተኛውንና ዐሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ስንቴ አነበብሽልን?» አለኝ። ስንቴ እንደ ሆነ አላውቅም አልኩት። «መሐከል ያለውንስ?» አሰብኩ። ስለ ፍቅር የሚናገረውን ዐሥራ ሦስተኛውን አንድም ቀን አላነበብነውም ነበር፤ የሚያከራክር ነገር ስለሌለው ዘልለነው እናልፍ ነበር። «እስቲ አንብቢው» አለ። አነበብኩላቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ስጨርስ አባባ ትርጓሜ ለመጀመር አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ጋሼ ሽፈራው «ስቀበርም አንቺ አንብቢልኝ» አለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ። አማኞቹ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለች ነፋሻ መሬት ላይ መቃብር ነበራቸው። የዘመዶቻችን ገሚሱ ወደዚያ አንሄድም አለ። አባባ ግን ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከአስከሬኑ ኋላ እስከ መቃብሩ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ እሳቸውን ሲያይ የቀረውም ተከተለ። ፍትሐት አልደገሙም፤ ሥርዓታቸው አይፈቅድም፤ አላስመሰሉምም። ከጉድጓዱ ራቅ ብለው ቆሙ።

የማንበቢያዬ ሰዓት ደረሰ። ገና መጀመሪያው ላይ ተያዝኩ። ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት ሰባኪ አዝኖልኝ መጽሐፉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አባባ ከቆሙበት፣ በማሕሌቱ በምናውቀው ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ ተዋት። እንጠብቃታለን» አሉት። ወጣቱ እጁን ሰበሰበ። ባለ ማተቡም ማተብ የሌለውም፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ነፋስ፣ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ጠበቀኝ።

ዛሬ እኔ መምህርት ነኝ፤ አሁንም እንተባተባለሁ፤ ተማሪዎቼ መጠበቅ ለምደዋል። ከእኔ ቀድሞ ከቤት የወጣው የታላቅ ወንድሜ ልጅ ዲያቆን ነው፤ ጋሼ ሽፈራው ሲያርፍ ሕፃን የነበረችው ልጁ የወጣቶች አገልጋይ ናት። አንድ ቤት ውስጥ ተጠራርተው ተቀምጠው አያውቁም። በየስልካቸው የየራሳቸውን ሰባኪ ይሰማሉ፤ የሌላውን ወገን ስሕተት አንዱ ለአንዱ ሳይሆን ለማያውቁት ሺህ ሰው ይናገራሉ። ሁለቱም ከአባቴና ከአጎቴ የበለጠ ጥቅስ ያውቃሉ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ አንድ ገበታ ላይ ላስቀምጣቸው ሞክሬ ነበር፤ አንዱ ሲመጣ አንዷ ሥራ አለኝ ብላ ቀረች። በግ አርጄ፣ ቤቱን ሞልቼ፣ ባዶ የቀረችውን ወንበር ሳያት ዋልኩ።

አባባ ከጋሼ ሽፈራው በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ዐይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ለዕረፍት ስመጣ እሁድ ከሰዓት ያስነብቡኛል፤ አነብላቸዋለሁ፤ ትርጓሜውን ያወርዳሉ። ከዚያ «ሽፈራው ቢኖር ግን እንዲህ ይለኝ ነበር» ብለው የእሱን ወገን ይዘው ይከራከራሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ የእሱን ነገር አሳንሰው ነበር የሚያቀርቡት። ኋላ ኋላ ግን እያሳመሩለት፣ እሱ ያላሰበውን ማስረጃ እየጨመሩለት ሄዱ። አንድ እሁድ እንዲህ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ቆይተው ድንገት ክርክሩን ተዉት። እማዬ ምን ሆኑ አለቻቸው።

«ዛሬስ ሽፈራው ረታኝ» አሉ።

«ምነው በሕይወቱ ሳለ ይህን ቢሉለት!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ ነበር።

አባባ የማያዩ ዐይኖቻቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ብልለት ኖሮ» አሉ፣ «በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም ነበራ።»